ቲሸርቱ ይቅር፣ ደብተሩን ስጧቸው

ወጣቶችን በከተማ ግብርና እናሳትፍ ሲባል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ቲሸርት ነው። ከዚያ ባነር፣ ከባነሩ ቀጥሎ አካፋና ዶማ። የመክፈቻው ቀን ግቢው በሰው ይሞላል፤ ይቆፈራል፣ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል። ወሩ ሳይሞላ ውኃ የሚያጠጡት በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ። ሦስተኛው ወር ላይ ቁልፉ ጥበቃው እጅ ገብቷል፣ መደቡን አረም ወርሶታል፣ ሰብሳቢዎቹም «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ብለው ፋይሉን ይዘጋሉ።

ልጆቹ ግን የሚሄዱት ሥራ ጠልተው አይደለም፤ ሒሳቡ ስላልወጣ ነው። ቦታው ለስንት ሰው እንደሚበቃ፣ የመጀመሪያው ብር መቼ እንደሚገባ፣ በምን ላይ ማን እንደሚወስን አስቀድሞ ያሰላ ሰው የለም። ከዚህ በታች ያለው ስሌቱ ነው። ለምሳሌ የያዝኩት አዲስ አበባ ውስጥ 200 ካሬ የሚሆን ባዶ ቦታ ነው፤ የትምህርት ቤት፣ የእድር ወይም የኮንዶሚኒየም የጋራ ግቢ ሊሆን ይችላል። አዳማና ሐዋሳ ያላችሁ፣ አየሩ ስለሚሞቅ ከምጠቅሳቸው ጊዜያት ላይ አንድ ሁለት ሳምንት ቀንሱ።

200 ካሬ ስንት ሰው ይይዛል?

ከ200 ካሬው ላይ መተላለፊያው፣ የብስባሹ ቦታና የዕቃ ማስቀመጫው ሲነሣ ለመደብ የሚተርፈው 120 ካሬ ገደማ ነው። በደንብ የተያዘ ቆስጣና ጎመን፣ መቁረጥ ከተጀመረ በኋላ ባሉት አራት ወራት በካሬ 4 ኪሎ ይሰጣል ብለን እንነሣ። ከዚህ በላይ የሚያገኝ አለ፤ ለዕቅድ ግን ዝቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ጠቅላላው 480 ኪሎ ነው፣ በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 30 ኪሎ። አሁን ለ12 ወጣት አካፍሉት፦ ለአንድ ሰው በሳምንት ሁለት ኪሎ ተኩል። የሰፈራችሁን ዋጋ አባዙበት። የታክሲ እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

ስለዚህ መደቡ ላይ የሚቆመው ሦስት ወይም አራት ሰው ነው። የቀሩት ስምንት ወይም ዘጠኙ ትርፍ ናቸው ማለት አይደለም። ችግኝ የሚያፈላ፣ ከጭማቂ ቤትና ከጉሊት ልጣጭና ቅጠላ ቅጠል ሰብስቦ ብስባሽ የሚሠራ፣ ዶሮ የሚይዝ፣ ደንበኛ ፈልጎ የሚያደርስ፣ ደብተር የሚጽፍ ያስፈልጋል። አንዱ ለሌላው ግብዓት ነው፤ ልጣጩ ብስባሽ ይሆናል፣ ብስባሹ ችግኝ ያሳድጋል፣ ችግኙ ለመደቡም ለሽያጭም ይውላል፣ የዶሮው ኩስ ተመልሶ ብስባሹ ላይ ይገባል። ወጣቱን ሁሉ መደብ ላይ ደርድሮ አካፋ ማስያዝ ይህን ሁሉ መዝጋት ነው።

ውኃው ነው የሚያባርራቸው

በኅዳርና በጥር መካከል ባለው ደረቅ ፀሐይ አንድ ካሬ መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ይጠጣል። ለ120 ካሬ 600 ሊትር ነው። 10 ሊትር በሚይዝ ማጠጫ ካጠጣችሁ 60 ምልልስ ይሆናል፤ ምልልሱ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ በየቀኑ ሁለት ሰዓት። ከትምህርት በኋላ የሚመጣ ልጅ ይህን አንድ ሳምንት ይችለዋል፣ በሁለተኛው ሳምንት «ጥናት አለብኝ» ይላል፤ ደግሞም አለበት።

ከቲሸርቱ በፊት የሚገዛው ስለዚህ ሮቶ ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሦስት ቀን መጠባበቂያ ማለት 1,800 ሊትር ስለሆነ ባለ 2,000 ሊትር ይበቃል። ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ የሞላ ሮቶ ሁለት ቶን እንደሚመዝን አትርሱ፣ በእንጨት ርብራብ ላይ የሚሰቅሉ አሉ። ከዚያ በጎማ ማጠጣት ወይም የጠብታ መስኖ መዘርጋት ይቻላል። ጠብታው በዚህ ከፍታ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ መስመሩ ከ10 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከሮቶው መውጫ ላይ ማጣሪያ ካልተገጠመ ቀዳዳዎቹ በደለል ይደፈናሉ፤ በየሳምንቱም የመስመሩን ጫፍ ፈትቶ ውኃውን ማስፈሰስ ይገባል። መደቡን አምስት ሳንቲ ሜትር በሚሆን ደረቅ ሣር ማልበስ ደግሞ የማጠጫ ቀኑን ያራርቀዋል፣ አረሙንም ያፍነዋል።

የጣሪያ ውኃ ጥሩ ነው፣ ግን ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 50 ካሬ ጣሪያ፣ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ 44,000 ሊትር ይሰበስባል። ችግሩ አብዛኛው የሚመጣው በክረምት፣ መደቡ በውኃ ተጨናንቆ ባለበት ጊዜ መሆኑ ነው። ለጥር የሚሆን ማጠራቀሚያ ከሌላችሁ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን አያደራድርም። የአቃቂ ወንዝና ወደ እርሱ የሚገቡት የከተማው ጅረቶች የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ተሸካሚ ናቸው፤ በውኃው በሚለማ ቅጠላ ቅጠል ላይ ከባድ ብረታ ብረት በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ብረቱ በማጠብም በማብሰልም አይወጣም። ቦታው ወንዙ ዳር ከሆነና ሌላ ውኃ ከሌለ የሚበላ ነገር ሳይሆን የዛፍና የአበባ ችግኝ አፍሉበት።

ደብዳቤውና አፈሩ

የከተማ መሬት የወጣቱ አይደለም፣ የእድሩም አይደለም። የሚሰጠው ፈቃድ ጊዜያዊ ነው፤ ጊዜያዊነቱ ግን በቃል መሆን የለበትም። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላይ አራት ነገር ይጻፍ፦ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚል ጊዜ፣ የውኃ ቆጣሪውን ማን እንደሚከፍል፣ ቦታው ለሌላ ሥራ ከተፈለገ በመደብ ላይ ያለው እስኪሰበሰብ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ፣ ሮቶውና ብስባሹ የማኅበሩ ንብረት መሆናቸው። የመጨረሻው ሰው የሚስቅበት ነው። ሁለት ዓመት የተደከመበት አፈር ግን ከሮቶው ይበልጣል፣ በጆንያ ተጭኖም መሄድ ይችላል።

ጋራዥ የነበረበት፣ ባትሪ የሚጠገንበት ወይም ቆሻሻ ይቃጠልበት የነበረ ቦታ ከሆነ መሬቱ ላይ ቅጠል አትዝሩ፤ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ጆንያና ሳጥን ሞልቶ መሥራት ይሻላል። ለቀረው ቦታ የአፈሩን ዓይነት ለማወቅ፣ የውኃ ሃይላንድ ሲሶውን አፈር ሙሉትና ውኃ ጨምራችሁ በደንብ አራግፉ፣ ለአንድ ቀን አስቀምጡት። አሸዋው ታች፣ ደለሉ መሐል፣ ሸክላው ላይ ይቀመጣል። ሸክላው ከግማሽ በላይ ከሆነ መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግና መተላለፊያውን ማፍሰሻ እንዲሆን ተዳፋት ማስያዝ ግድ ነው። የመደብ ስፋት ለትልቅ ሰው አንድ ሜትር ከሃያ፣ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚገቡበት ከሆነ 80 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ከበለጠ እጃቸው መሐሉ አይደርስም፣ ይረግጡታል፤ የተረገጠ መረሬ ጡብ ነው።

የመጀመሪያው ብር ከችግኝ ይምጣ

ቆስጣ ከተዘራ እስከ መጀመሪያው ቆረጣ አዲስ አበባ ላይ አሥር ሳምንት ያህል ነው፤ ብርድ ካለ 12። ለአንድ ወጣት 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ረጅም ነው። ችግኝ ግን በአምስተኛው ሳምንት ይሸጣል። ለዚህ ነው ከመደቡ በፊት የችግኝ ማፍያውን የምጀምረው።

አፈሩ ሦስት እጅ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው፤ በወንፊት ይነፋ። አንድ ሜትር ስፋት ባለው መደብ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት መስመር ይሰመርና ዘሩ የውፍረቱን ሁለት ሦስት እጥፍ ያህል ይቀበራል። ጎመንና ሰላጣ እንግዲህ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጠልቀው ሲቀበሩ አይወጡም፣ ከዚያ ዘሩ ይረገማል። ላዩ በስስ ሣር ይሸፈን፤ ብቅ ማለት እንደጀመረ ግን በዚያኑ ዕለት ሣሩ ይነሣ። አንድ ቀን የዘገየ ሰው ቀጭን፣ ቢጫ፣ ተጎታች ችግኝ ያገኛል። ሣሩ ሲነሣ ከፍ ያለ ዳስ ይደረግበትና ቀስ በቀስ ይሳሳ። ሊተከል አሥር ቀን ሲቀረው ዳሱ ሙሉ በሙሉ ይነሣል፣ ውኃውም ይቀንሳል። ፀሐይ ያልለመደ ችግኝ ገዢው ቤት በሁለተኛው ቀን ይጠወልጋል፣ ደንበኛውም አብሮ ይሄዳል።

የችግኝ ማፍያ ትልቁ ጠላት ችግኙ ከሥሩ ቀጥኖ፣ ጠቁሮ የሚወድቅበት በሽታ ነው። ሻጋታ ነው፣ የሚመጣውም ማታ ከማጠጣት፣ አጠጋግቶ ከመዝራትና ካልበሰለ ብስባሽ ነው። ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ በሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት አሳሱ፤ አንድ ቦታ ከጀመረ አፈሩን ከነችግኙ አውጥታችሁ ጣሉት። ቆራጭ ትል ካለ ደግሞ ከሃይላንድ ላይ የተቆረጠ ቀለበት በእያንዳንዱ ተክል ዙሪያ ሦስት ሳንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይቀበር። ለጓሮው እንጂ ለእርሻ የሚሆን ዘዴ አይደለም፣ እዚህ ግን ይሠራል።

ዘር ሲገዛ ቀኑ ይታይ። የሽንኩርት ዘር ከዓመት በኋላ ጉልበቱን ያጣል፤ የጎመን ዘር በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ብዙ ዓመት ይቆያል። ምንም ይሁን ምን ከመዝራት በፊት 50 ፍሬ ቆጥሮ በራሰ ሶፍት ጠቅልሎ በፌስታል ውስጥ ማቆየት ነው። በአሥረኛው ቀን ከ35 በታች ከበቀለ ዘሩን መልሱ፣ ካልተመለሰም አብዝታችሁ ዝሩ። ይህን ፈተና የ14 ዓመት ልጅ ያለ ምንም እገዛ ይሠራዋል፤ ውጤቱንም ደብተር ላይ በስሙ ይጽፋል።

ለሽያጭ ከአትክልቱ ችግኝ እኩል የሚሄደው ጤና አዳም፣ በሶብላና የሥጋ መጥበሻ ነው። ጤና አዳምና የሥጋ መጥበሻ በቁራጭ ይባዛሉ፦ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለጋ ቅርንጫፍ የታችኛው ቅጠሉ ተነቅሎ ግማሹ በአሸዋማ አፈር ይተከላል፣ ጥላ ሥር ይቆያል። ሥር ለመስደድ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ሆኖ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ጤና አዳም ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ ይገዛዋል።

ብስባሽ

የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ አብዛኛው መበስበስ የሚችል ነው። ቆሼ ላይ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የገደለው ክምር ውስጥ ስንት የጎመን ግንድና የብርቱካን ልጣጭ እንደነበረ ማሰብ ይከብዳል። አንድ ጭማቂ ቤት በቀን የሚጥለው ጆንያ ለወጣት ማኅበር ነፃ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ግን በየቀኑ፣ በተባለው ሰዓት መነሣት አለበት። ሁለት ቀን የቀረ ሰው ሦስተኛው ቀን ሲመጣ ልጣጩ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ ላይ ነው።

ክምሩ ከአንድ ሜትር ኩብ ካነሰ አይሞቅም። አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር ይሁን። ታች አየር እንዲገባ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሸካራ ጭራሮ፤ ከዚያ ተራ በተራ 15 ሳንቲ ሜትር ደረቅ (ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል፣ ሰጋቱራ)፣ 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ (ልጣጭ፣ የታረመ አረም)፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ፍግ ወይም የዶሮ ኩስ፣ ላዩ ላይ እፍኝ አመድና ስስ አፈር። እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ሁለት ሦስት ጠብታ የሚወጣው ያህል። ሰጋቱራው ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት ከተቀባ ጣውላ የመጣ መሆን የለበትም። የጫት ገራባ በየቦታው አለ፣ ግን እንጨቱ ቶሎ አይበሰብስም፤ በገጀራ በጣት ልክ ካልተከተፈ ከስድስት ወር በኋላም ያው ገራባ ነው።

በመሐሉ ፌሮ ሰክታችሁ ተዉት። በአምስተኛው ቀን መዝዛችሁ ስትነኩት ይዞ መቆየት ካላስቻላችሁ ሙቀቱ ደርሷል፤ የአረም ዘርና ተባይ የሚገድለው ከ55 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። ለብ ካለ ወይ ደርቋል ወይ እርጥቡ አንሷል። የሽንት ዓይነት ሽታ ካለው ኩስ በዝቷል፣ ሰጋቱራ ጨምሩ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውኃ ሞልቶታል፣ አገላብጡት፣ ደረቅ ጨምሩበት። መገልበጡ በየሁለት ሳምንቱ ነው፣ ከውጪ ያለው ወደ መሐል እየገባ። በሦስት አራት ወር ይደርሳል፤ ቁመቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለ120 ካሬ በካሬ 4 ኪሎ ስንል 480 ኪሎ ስለሆነ ሁለት ክምር ያስፈልጋል። ሦስተኛው ለሽያጭ ነው፣ በተለይ አበባ ለሚሸጡት።

ሥጋ፣ አጥንትና ወጥ አይገባም፤ አይጥና ውሻ ይጠራል፣ አይጥ ሲመጣ ጎረቤት ይመጣል።

ዶሮ ጾም አታውቅም

50 ዶሮ ለጀማሪ ቡድን በቂ ነው፤ ቤቱ 10 ካሬ ይሆናል፣ ለአንድ ካሬ አምስት። አንዲት የእንቁላል ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች፤ 50ው 6 ኪሎ፣ በወር 1.8 ኩንታል። ትርፍ መኖሩን ለማወቅ የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ የስንት እንቁላል ዋጋ እንደሆነ ቁጠሩ። አራት ከሆነ 6 ኪሎው በቀን 24 እንቁላል ይበላል ማለት ነው። 40 ከጣሉ 16ቱ ለሌላው ወጪና ለሰው ነው፤ 28 ከጣሉ ግን ማኅበሩ ለዶሮ እየሠራ ነው። ይህ ቁጥር በየሳምንቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ አንድ ሳምንት ውስጥ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል፣ ሕክምናም የለውም። ያለው ክትባት ነው፤ ቢሾፍቱ ይመረታል። ቄብ ስትገዙ የተከተቡበትን ቀን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዝዘው መሠረት በየሦስት አራት ወሩ ድገሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። ክትባቱ ሕያው ስለሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በኪስ ተይዞ በታክሲ የመጣ ክትባት ውኃ ነው። በመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ደግሞ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ይገድለዋል፤ ንጹሕ የዝናብ ወይም የጉድጓድ ውኃ ይሁን፣ ዶሮዎቹም አስቀድመው አንድ ሁለት ሰዓት ይጠሙ።

አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለመቶና ከዚያ በላይ ዶሮ ነው፣ ከተከፈተ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ለ50 ዶሮ ከፍቶ ቀሪውን መድፋት ያሳዝናል። በሰፈሩ ሦስትና አራት ዶሮ ያላቸው እናቶች ግን ብዙ ናቸው። ወጣቶቹ ስም ዝርዝር ይዘው፣ ከባለሙያ ጋር አንድ ቅዳሜ ቤት ለቤት ዞረው ቢያስከትቡ ብልቃጡ ያልቃል፣ ለአንድ ዶሮ ትንሽ ክፍያ ይሰበሰባል፣ የጎረቤቱ ዶሮ ካልታመመም የእናንተው ይተርፋል። ከዚያ ቀን በኋላ «እነዚያ ልጆች» መባሉ ቀርቶ በስም ይጠራሉ።

ኩሱ በቀጥታ ሰላጣ ላይ አይደረግ። ቅጠሉን ያቃጥላል፣ ጀርምም ይዞ ይመጣል። በብስባሹ በኩል ይለፍ።

የሚሸጥበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል

በአብዛኛው ሰፈር ፍላጎቱን የሚመራው የጾሙ አቆጣጠር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ቃሪያና ሰላጣ ይፈለጋል፣ እንቁላል ግን ይቀመጣል። ጾሙ የካቲት አጋማሽ ላይ የሚገባ ከሆነ የቆስጣው ዘር ኅዳር አጋማሽ ላይ መፍላት አለበት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ዕድገቱ ይጎተታል። ለፍልሰታ ደግሞ ጎመኑ ግንቦት ላይ ይዘራል። ሁሉንም በአንድ ቀን መዝራት የጀማሪ ስሕተት ነው፤ በአንድ ሳምንት 100 ኪሎ ይደርስና ቀጣዩ ወር ባዶ ይሆናል። መደቡን በአራት ከፍሎ በየሦስት ሳምንቱ አንዱን መዝራት ነው። ቲማቲም በክረምት አትሞክሩ፤ በዝናቡና በብርዱ ቅጠሉን የሚያጠቁረው ሻጋታ በሳምንት ይጨርሰዋል። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ግን የበጋ ነው። ጎመኑ ላይ ሲታይ አንድ ሊትር ውኃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጎ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ መርጨትና በማግስቱ ማጠብ ይበቃል፤ በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ።

በእንቁላሉ በኩል የማይጾሙ ደንበኞች አስቀድመው ቢያዙ የዐቢይ ጾሙ ጉድጓድ ይጠባል። ሙስሊም ጎረቤቶች በዚህ ወቅት ዋና ገዢ ናቸው። ቄብ የሚገዛበትንም ጊዜ አስቡበት፤ መጣል የሚጀምሩት ለፋሲካ እንጂ ለጾሙ መግቢያ እንዳይሆን።

ለማን ይሸጥ? የትምህርት ቤት ምገባ ትልቅ ገዢ ይመስላል፣ ነውም፤ ግን በየሳምንቱ የማይቋረጥ ብዙ መጠን ይፈልጋል፣ ክፍያውም ሊዘገይ ይችላል። 30 ኪሎ ያለው ቡድን ከዚያ አይጀምርም። 15 ቤት ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ኪሎ ድብልቅ ቅጠል፣ ቅዳሜ ጠዋት ተቆርጦ ቅዳሜ ጠዋት የሚደርስ፣ በቴሌብር የሚከፈል። 30 ኪሎው አለቀ። የእሁድ ገበያ ከዚህ በላይ ሲኖር ነው።

የጉሊት እናቶችን ግን አትርሱ። ልጆቹ ከጉሊቱ አጠገብ ቆመው በቀነሰ ዋጋ ሲሸጡ እነዚያ ሴቶች የዕለት ጉርሳቸውን ያጣሉ፤ ሰፈሩ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ይቆማል፣ ትክክልም ነው። ከደንበኞች የተረፈውን በጅምላ ዋጋ ለእነርሱ ስጡ፣ የማይሸጠውን ቅጠል ለብስባሹ ተቀበሏቸው። የትኛው ቅጠል ሰኞ እንደሚሄድ፣ እስሩ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ ባለሙያ የለም።

ደብተሩ

አሁን ወደ ርእሱ። የብር መዝገቡና ቁልፉ በአዋቂዎች እጅ፣ አካፋው በወጣቶቹ እጅ ከሆነ ሥራው የቀን ሥራ ነው፤ ያውም ያለ ቀን ክፍያ። አንድ ደብተር፣ አምስት ዓምድ፦ ቀን፣ ማን፣ ስንት ሰዓት፣ የገባ፣ የወጣ። የሚጽፉት ሁለት ወጣቶች ናቸው፣ በየሦስት ወሩ ይቀየራሉ። ቅዳሜ ከሽያጭ በኋላ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ሁሉም ይፈርማል። ከእድር የመጡ ሰዎች ይህን ወዲያው ይረዱታል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለየብቻ የሆኑበት ምክንያት አለ።

ክፍፍሉ በሰዓት ይሁን፣ በእኩል አይሁን። እኩል ክፍፍል የመጣውንና ያልመጣውን አንድ ያደርጋል፤ መጀመሪያ የሚለቀው የሚመጣው ነው። በወሩ ወጪ ተቀንሶ 9,000 ብር ተረፈ እንበል። ከዚህ 20 በመቶው፣ 1,800 ብር፣ ለዘር፣ ለመኖና ለጥገና ይቀመጣል። ቀሪው 7,200 ብር ለተሠራው 180 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 40 ብር ይወጣዋል። 20 ሰዓት የሠራች 800 ብር ትወስዳለች። ደብተር የሚጽፈው፣ ደንበኛ ዘንድ የሚሄደው፣ ሌሊት ዶሮ የሚያየው ሰዓትም እኩል ይቆጠራል። ይህ መጀመሪያ ካልተጻፈ በኋላ ጠብ ይሆናል።

ደብተሩ ሌላም ያሳያል። በብዙ ቡድን ውስጥ ሴቶቹ ልጆች ውኃና ጽዳት ላይ፣ ወንዶቹ ስልክና ብር ላይ ይሰፍራሉ፣ ማንም ሳያስበው። በሦስት ወሩ መጨረሻ ማን ምን ላይ ስንት ሰዓት እንዳዋለ ሲደመር ይታያል፤ ያኔ ፈረቃውን ማገላበጥ ነው። መጸዳጃ የሌለበትና ሲመሽ ብርሃን የሌለው ግቢ ሴቶችን እንደሚያስቀር ደግሞ ደብተር አያስፈልገውም።

አዋቂዎቹ ምን ይሠራሉ? ደብዳቤውን ያስፈጽማሉ፣ ከወረዳው ጋር ይነጋገራሉ፣ በወር አንድ ጊዜ ደብተሩን ያያሉ። ወጣቶቹ ማንንም ሳይጠይቁ በወር ሊያወጡ የሚችሉት ጣሪያ ተቆርጦ ይሰጣቸው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ይሁን፤ 300 ብር የሚያወጣ የጎማ መጋጠሚያ ለመግዛት ሦስት ፊርማ የሚጠበቅ ከሆነ ፊርማው ሲገኝ ችግኙ ደርቋል። አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል። ትንንሾቹ በትምህርት ቤት ክበብ በኩል ይማሩ እንጂ በፈረቃ አይግቡ፤ ከ18 በታች የሆነ ማንም የተባይ መድኃኒት አይንካ።

የሚለቁበት ቀን በዕቅዱ ውስጥ ይኑር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ፣ ሌላ ከተማ። ይህን እንደ ክህደት የሚያይ ሰብሳቢ በየዓመቱ ይናደዳል። እያንዳንዱን ሥራ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይወቀው፤ አንዱ የፈተና ክፍል ከሆነ ሌላው ሁለት ክፍል ዝቅ ያለ ይሁን። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ መደቡ ላይ ብዙ እጅ የማይፈልግ ይተከል፦ በሰኔ ከፍ ባለ መደብ ላይ የገባ ነጭ ሽንኩርት ዝናቡ ያሳድገዋል፣ ከአረም በቀር ብዙ አይጠይቅም፣ የሚወጣውም በጥቅምትና በኅዳር ነው። ያኔ የሚያወጡት አዲሶቹ ናቸው፤ ሰኔ ላይ የተከሉትም ሰዓታቸው ደብተሩ ላይ ስላለ ድርሻቸው በቴሌብር ያሉበት ድረስ ይላክላቸው።